መልኩ አዞ፣ ወገኑ ሌላ

ሰው መመደብ ይወዳል። እናንተም ትወዳላችሁ፤ አትካዱ። ሰፈር ውስጥ አዲስ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የምትጠይቁት “የማን ወገን ነው?” ብላችሁ አይደል?

እኔ በደርግ ጊዜ ወረታ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ስለ ፋይቶሰር ሳስተምር ዋልኩ። ድሮ ድሮ፣ ዳይኖሰር ገና ብቅ ብቅ ሲል የኖረ፣ ዛሬ የጠፋ አውሬ ነው። አዞ ይመስላል ልበል? ጣና ውስጥ አዞ የለም፤ ልጆቹም አይተው አያውቁም። ሐይቁ ዳር በሚያዩት በአርጃኖ እያስመሰልኩ ተንገታገትኩ። ቁርጥ አዞ ነው፤ አፍንጫው ግን እንደ አዞ አፉ ጫፍ ላይ ሳይሆን ወደ ዓይኑ ተጠግቶ ነው ያለው። መልኩ አዞ፣ ወገኑ ሌላ። ሊቃውንቱ የት እንደሚያስጠጉት ይከራከራሉ። ስም ያወጣለት ሰውዬማ ጥርሱን አይቶ ተሳሳተና ቅጠል በል አደረገው። ሥጋ በል ነበር እኮ። አንዷ ተማሪ፣ ታዲያ ማን ያስጠጋዋል አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቄ ጠፋ።

ለምን አትሉም? የወሎ ሰው ነኝ፤ ስሜ ይመር። በእኛ አገር ይመር የሚባል ክርስቲያንም አለ፣ እስላምም አለ። አንገቴ ላይ ማተብ የለም፤ መስጊድ ደጃፍም አልታይም። በዚያ ዘመን መምህር ወደዚህም ወደዚያም ቢል ካድሬ ይገላምጠዋል።

ፋሲካ መጣ። አከራዬ መሪጌታ በላይ በግ አረዱ። አልጠሩኝም። የወጡ ሽታ በግድግዳው ስንጥቅ ሲገባ እኔ ዳቦ በሻይ እበላለሁ። ዒድ ደረሰ። ጎረቤቴ ባለሱቁ ሐጂ ሰይድም አረዱ። እሳቸውም አልጠሩኝም። ጥሩኝ ተብሎ ይለመናል እንዴ? ለራሴ እንኳን አደረሰህ ብዬ ተኛሁ። አለቀስኩም፤ ምን ያሳፍራል?

ከዚያ ወባ ጣለኝ። ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ወባ ለማንም አይነፍግም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሊጠይቁኝ መጡና አልጋዬ አጠገብ ተገናኙ።

“ሐጂ፣ ምነው ሰውዎን እንዲህ ጣሉት?” አሉ መሪጌታ።

“የእኔ ሰው? የእርስዎ አይደለም እንዴ?”

ተያዩ። ለካ የሌላ ሃይማኖት ሥጋ አቅርበን እንዳናስቀይመው ብለው፣ አንዱ ለሌላው ትተውኝ ኖሯል። ማንነቴን ልናገር አፌን ስከፍት መሪጌታ ቀደሙኝ። “ተወው ልጄ፣ አትድከም። ዓሣ አለልህ። ዓሣ አራጅ አይሻም” አሉ። ሐጂም እውነት ነው አሉ።

ከዚያ ወዲህ ፋሲካም ዒድም እጠራለሁ። ሰው ሁሉ ሥጋውን ሲበላ እኔ ፊት የጣና ዓሣ ይቀርባል። ዓሣ ደግሞ ሽታውንም አልወድ። አንዲት ቃል ብተነፍስ በአንዱ ቤት ሥጋው ይመጣልኛል፤ ሌላው ቤት ግን ወገኑ ይጥራው ብሎ ይተወኛል። እናንተም የየትኛው ነህ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ጎመን በጤና ይባል የለ? እኔ ዓሣ በሰው ብዬ እሾሁን ለቀምኩ።