ከአምስት ጊዜ በታች የተገኘ ቃል

ስልክ ውስጥ ያለ መዝገበ ቃላት ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላችኋል አይደል? እኔም ይመስለኝ ነበር። አንዱ ፍቺ ይናገራል። አንዱ የአማርኛውን ቃል ከእንግሊዝኛው ጋር ያጣምራል። ሌላው ደግሞ ፍቺ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እድር የአባላቱን ስም እንደሚመዘግብ፣ ቃሉን ብቻ ደርድሮ ይይዛል። የጻፋችሁት ቃል መዝገቡ ላይ ካለ ዝም ይላችኋል፤ ከሌለ ከሥሩ ቀይ ያሰምርበታል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ከኢንተርኔት የቃረምሁት ነው። የቃረመ ሰው ደግሞ ማስረዳት ይወዳል።

ይህን ቃል ብቻ የሚይዘውን መዝገብ ለአማርኛ ኪቦርድ ከጓደኞቼ ጋር ስንሠራ፣ ጣና ዳር ታንኳ የሚሠሩት ጋሽ አንለይ ዘንድ ሄድሁ። ታንኳው የሚታሰርበት ደንገል ከሚታጨድበት ጀምሮ ታንኳው ውኃ እስከሚነካበት ያለውን ቃል ሁሉ፣ ሥራ ፈትተው ሁለት ቅዳሜ ነገሩኝ። እኔም አፌን ሞልቼ፣ "ጋሼ፣ ከእንግዲህ ቃልዎ አይጠፋም" አልኋቸው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እኔ ገና አልወለድሁም፤ ቀላል መሰለኝ።

ቃላቸውን ከኢንተርኔት ከሰበሰብነው ጽሑፍ ጋር ቀላቀልሁት። ከዚያ ማጥራት መጣ። መዝገቡ በስህተት እንዳይሞላ፣ ከአምስት ጊዜ በታች የተገኘን ቃል ኮምፒውተሩ ይጥላል። ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ። የጋሽ አንለይ ቃል ስንት ጊዜ ተገኘ? አንድ ጊዜ፤ እሱም እኔ የጻፍሁት። የተረፈውን ሳላይ ኪቦርዱን ስልኬ ላይ ጭኜ፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ ጋሽ አንለይ ተመለስሁ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ልጃቸው ጥሩወርቅ ስልኬን ተቀብላ፣ አባቷ እየነገሯት ጻፈች። ቀይ። ሌላ ጻፈች። ቀይ።

"አባባ፣ ተሳስተዋል ይልዎታል" አለች እየሳቀች።

"ሁለት ቅዳሜ ያስለፈለፈዎት ለዚህ ነው?" አለ አንዱ ጎረቤት።

ሐይቁ ቅርብ ነበር፤ ዋና አለመቻሌ ቆጨኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ እየተንተባተብሁ ስለ ደንቡ ተናዘዝሁ።

ጋሽ አንለይ ደንገላቸውን ማሰር አላቆሙም። "ስንት ጊዜ አልኸኝ?"

"አምስት።"

"ታዲያ ያን ጊዜ አትነግረኝም? በል ቁጭ በል።"

የመጀመሪያውን ቃል አምስት ጊዜ አሉት። ቀስ ብለው፣ በጣታቸው እየቆጠሩ። ሁለተኛውንም እንደዚያው። የሚቆጠረው የተጻፈው እንጂ የተነገረው አይደለም ብዬ ላስረዳቸው አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ዘጋሁት። ማስረዳት ሲያቅተኝ የመጀመሪያዬ ነው።

አራተኛው ቃል ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። "እየቆጠርህ ነው?"

እየቆጠርሁ አልነበረም።

"ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ፣ ጋሼ" አልሁ።