ክሩ ያላለቀበት ልጅ

ሌሊቱን በሕልሜ የእህቴ የዘርፌ የሥራ ቦታ ተገልብጦ አየሁት።

ዘርፌ ጥልፍ ጠላፊ ናት። የምትሠራበት ስፌት ቤት አንድ ልማድ አለው። ክር ያለቀባት ሴት የዘርፌን ልጅ ትይዛለች፤ አዲስ ክር መርፌዋ ውስጥ ልታስገባ ስትል ደግሞ ክር ላለቀባት ለሌላዋ ታቀብላለች። የስምንት ወሩ አብነት ከእቅፍ ወደ እቅፍ ሲዞር ይውላል፤ ሲርበው እናቱ አጠገቡ ናት። ያመመው ቀን አርፍዳ ትገባለች፤ ማንም አይቆጣትም። እህቴ «እሑድ ሲመጣ ይከፋኛል» የምትለው ለዚህ ነው።

በሕልሜ ግን በስፌት ቤቱ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚጠልፉት ሕፃናቱ ነበሩ። እናቶቹ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ ክር ካለቀበት ሕፃን ክር ወዳለቀበት ሕፃን ይተላለፋሉ።

በሩ ላይ የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬ ሙሉነሽ ተሰልፈዋል። ከኋላቸው ሁለት ዳኞችና አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ቆመዋል።

«ደምሰው ልጄ፣ ወረፋዬ አልደረሰም?» አሉኝ።

«የምን ወረፋ ነው?»

«ሠራተኞቼ እንዲቀጥሩኝ ነዋ። ትናንት ልምድ የለሽም ብለው መለሱኝ።»

አልፌያቸው ገባሁ። አብነት ትልቁ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጥርስ የሌለውን አፉን ገጥሞ ይጠልፋል።

«አብነት፣ እናትህ የት አለች?»

«ወደዚያ ሄዳለች» አለ ቀና ሳይል። «እኔ ክሬ አላለቀም። እንዴት ልያዛት?»

የክሩን ጥቅል አየሁት። ቤት ያህላል።

«መቼ ያልቃል?»

«ጋሼ፣ አንተ ስታረጅ።»

አግዳሚውን ተከትዬ ሮጥኩ። አግዳሚው ማለቂያ የለውም። ዘርፌን ከሩቅ አየኋት። በተቀበሏት ቁጥር ታንሳለች። መጀመሪያ ትራስ አከለች፣ ቀጥሎ ዳቦ፣ ከዚያ እንቁላል።

«ደሜ፣ አትሩጥ፣ ያልብሃል» አለችኝ በቀጭን ድምፅ። «እኔ እኮ ሥራዬ ላይ ነኝ።» ትስቃለች።

ተመልሼ መጣሁና መቀስ አንሥቼ የአብነትን ክር ቆረጥኩ።

መርፌዎቹ ሁሉ ባንዴ ቆሙ። ሕፃናቱ ዞረው አዩኝ። አንዳቸውም አላለቀሱም፤ ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው። ቆብ ያደረገ ሕፃን፣ ዘበኛ መሰለኝ፣ እየዳኸ መጥቶ እግሬን ያዘ።

«ክር የቆረጠ ይፈርዳል» አለ። «እህትህ ሥራዋን ትውሰድ ወይስ ልጇን? አንዱን ተናገር።»

«ሁለቱንም» ልል ነበር። እኔ ግን ድሮም ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። አፌን ስከፍት ቀይ ክር ወጣ። ሳብኩት፣ አያልቅም። እየሳብኩ ዘርፌን አያታለሁ። አሁን የስንዴ ቅንጣት አክላለች፤ አንድ ሕፃን በሁለት ጣቱ ይዟታል፤ ጣቶቹ ደግሞ በምራቅ ርሰዋል፣ ያንሸራትታሉ።

«እየጠበቅን ነው» አለ ዘበኛው።

ሕፃኑ አስነጠሰ። ጣቶቹ ተከፈቱ።

ትከሻዬን ስትነቀንቀኝ ነቃሁ። ዘርፌ ለባብሳ ከአልጋዬ አጠገብ ቆማለች። ሙሉ ሰው ናት። ላቅፋት ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ተነሥ» አለች። «ለእትዬ ሙሉነሽ ስፌት ቤቱን ያከራየው ሰውዬ ከዛሬ ጀምሮ ሕፃን ግቢዬ አይገባም ብሏል።»

«ሥራሽስ?» አልኳት።

«ሥራዬማ አለ። እትዬ ሙሉነሽ እንደ ድሮው በሚመችሽ ሰዓት ነይ ብለውኛል።» አብነትን ደረቴ ላይ አስቀመጠችው። «ለምትሠራበት እንጨት ቤት አለቃህም ደውያለሁ። መናገር ያፍራል ብዬ፣ ልጁን ልትይዝ ሥራ መልቀቅህን እኔው ነገርኩልህ።»

«ምን አለ?»

«የትኛው ደምሰው ነው አለ።»