የክብር እንግዳ አይቀደምም

የክብር እንግዳ ካልሆኑ ከቤታቸው የማይወጡ ሰው አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኛ የመካነ ሰላም ከተማ ሰዎች አንድ አሉን። ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ የፊተኛው ወንበር የሳቸው ነው። እንደ አያያዛቸው ከሆነ የራሳቸው ቀብር ላይም ንግግር ሳያደርጉ አይቀሩም።

ባለፈው እሁድ የአምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ ነበረን። እሳቸው ፊሽካ ነፍተው አስጀመሩንና መኪናቸው ውስጥ ገቡ፤ እኛ ሮጥን። ዳገቱን እየመራሁ ጨርሼ ወደ አደባባዩ ስታጠፍ ሳንባዬ በአፌ ሊወጣ ደርሷል። ለካ እንግዳችን ከመኪና ወርደው፣ አዲስ ካናቴራ አጥልቀው፣ የሩጫው መጨረሻ ላይ ከተወጠረው ሪባን አጠገብ ሶምሶማ ይላሉ! ለፎቶ መሆኑ ነው።

አልፌያቸው ልገባ ስል የሩጫው አስተባባሪ ክንዴን ያዘኝ።

«አሳዳጊ የበደለህ! ትልቅ ሰው ቀድመህ ልትገባ?»

እኛ እኮ በር ላይ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ በአላህ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ስንባባል ዝናቡ አናታችን ላይ የሚያባራ ሰዎች ነን። ቆምኩ። እሳቸው ሪባኑን በደረታቸው በጠሱ፤ ሕዝቡ እልል አለ። እኔም ከኋላቸው እየተራመድኩ ገባሁ። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ለጭቃ የተለማመድኩት ለካ ሰው ለማጀብ ኖሯል።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጅ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

«ስንተኛ ወጣህ?»

«ሁለተኛ።»

«ማን ቀደመህ?»

ነገርኩት። እሱ እንኳ ይቆጣልኛል ብዬ ነበር። አባቴ ግን እፎይ ብሎ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

«አልሐምዱሊላህ! ቀድመሃቸው ቢሆን ኖሮ በምን ዓይኔ አያቸው ነበር?»