የስልሳ ሁለቷ ሴይቼንቶ

አምስት አበሾች በተሰባሰቡበት ከተማ ሁሉ አንዱ የግድ «ኦርጅናል አይደለም» ባይ ነው። ሽቶ ስትገዙ በትከሻችሁ ላይ ተንጠራርቶ ያሸታል፤ ሰዓት ስታስሩ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፤ ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል። የሾመው የለም፤ የሚሽረውም አልተገኘም። በሐርጌሳ ይህ ማዕረግ የክቡር አቶ ሲሳይ ነው።

አቶ ሲሳይ የአንድ ርዳታ ድርጅት የትራንስፖርት ኃላፊ ናቸው። በሠርጋቸው ዕለት ቄሱ ቀለበቱን ሲያቀብሏቸው ወደ መስኮቱ ዞር ብለው በብርሃን አይተውታል። «እኔንስ ሳታገላብጥ እንዴት አገባኸኝ?» ትላቸዋለች ሚስታቸው ብርሃንነሽ። «አንቺማ ማስረጃ አያሻሽም» ይላሉ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየችውም።

ዋሄን ገበያ ብቅ ሲሉ ሽቶ ሻጩ ዓብዲከሪም ጠርሙሶቹን በጨርቅ ይሸፍንና ለጎረቤቶቹ «ኦርጅናል መጣ!» ብሎ ይጮኻል። ስማቸው እሱ ሆኖ ቀርቷል።

«አዴር፣ አጎቴ፣ ወላሂ ከዱባይ ነው የመጣው!»

«ከዱባይ መምጣቱን መች ካድኩ? ዱባይ ከየት መጣ ነው ያልኩህ።»

አንድ እሁድ ደግሞ ሼክ ኑር ሰፈር የሚኖረው ግንበኛው ፈንታሁን አዲስ ስልክ ይዞ ለምሳ መጣ። «እናቴን በቪዲዮ አየኋት!» እያለ ከደስታው የተነሳ መቀመጥ አቅቶታል። አቶ ሲሳይ ስልኩን ተቀበሉ፣ ገለበጡ፣ በጥፍራቸው ጠርዙን ፈተጉ። «ኦርጅናል አይደለም።»

«እናቴስ ጋሼ?» አለ ፈንታሁን።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ብርሃንነሽ ግን ልጁ ስልኩን ወደ ኪሱ ሲመልስ ፊቱን አይታ ነበር።

ክፋት ኖሯቸው አይደለም። ያደጉት ድሬዳዋ፣ አባታቸው ጋራዥ ውስጥ ነው። አባታቸው አንድ ደንበኛቸውን፣ ርካሽ ነው ብሎ ከሌላ ቦታ የውሸት የፍሬን ሸራ አስገጥሞ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ያለቀ ሰው፣ ቀብረዋል። ከቀብር ሲመለሱ ለትንሹ ሲሳይ «የውሸት ዕቃ አይተህ ዝም ካልክ ገዳዩ አንተ ነህ» ማለታቸውን ብርሃንነሽ ስለምታውቅ፣ ባሏን በሰው ፊት አትገስጽም። ጎናቸውን በክርኗ ጎሸም ማድረግ ብቻ ነው።

ከዕውቀታቸው ሁሉ ግን ዘውዱ ሴይቼንቶ ነው። ያቺ ሞተሯን ከኋላ፣ ሻንጣዋን ከፊት ያደረገች፣ የእንቁላል ቅርፅ ያላት የጣሊያን መኪና! «እስከ ሃምሳ ስድስት በሯ ከፊት ወደ ኋላ ይከፈታል፣ እንደ ቁም ሣጥን። ከሃምሳ ሰባት ወዲህ እንደ ማንኛውም መኪና ወደ ፊት።» ይህን አባታቸው እንደ ዳዊት አስደግመዋቸዋል። ሐርጌሳ በቪትዝ ተሞልታ ሴይቼንቶ የሚባል በመንገድ በማይታይበት ዘመን ይህ ዕውቀት ለማን ይጠቅማል ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም፣ ዓናብ እስክትመጣ ድረስ።

ዓናብ በማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ጎረቤታቸው፣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ናት። ልጅነቷን በስደት ጅግጅጋ ስላሳለፈች አማርኛዋ ከብዙዎቻችን አማርኛ የጠራ ነው።

«ጋሽ ሲሳይ፣ ይህን የሚያውቅልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት» አለች። ዓብዲረዛቅ የሚባል የአሮጌ ብረት ነጋዴ ግቢ ውስጥ፣ ከክምሩ ሥር፣ የሴይቼንቶ ቅርፊት አይታለች። አባቷ ጀማሉዲን ከጦርነቱ በፊት እንደዚያ ያለች መኪና ነበረችው። ከተማው ሲደበደብ እናቷ ልጆቿን ይዛ በእግር ወጣች፤ አባቷ ቤት ሊጠብቅ ቀረ፣ እንደቀረም ቀረ። መቃብሩ እንኳ አይታወቅም።

«ሴይቼንቶ ሌሎች ሰዎችም ነበሯቸው። የስልሳ ሁለት ሥሪት ግን በከተማው የአባቴ ብቻ ነበረች። በዚህ ይኩራራ ነበር ትላለች እናቴ። የስልሳ ሁለት ከሆነች ቤት ወስጄ እናቴ ፊት አቆማታለሁ። ካልሆነች ሐሙስ ከብረቱ ጋር ወደ በርበራ ትጫን። የሰው መኪና ወስጄ የአባቴ ናት አልላትም።»

«በሯ እንዴት ይከፈት እንደነበር ታስታውሻለሽ?»

«ስንወጣ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነበር፣ ጋሽ ሲሳይ።»

«እናትሽን ጠይቂያቸዋ» አለች ብርሃንነሽ።

«ከጠየቅኳት ታውቃለች። ካወቀች ደግሞ ትጠብቃለች።»

ሦስቱም ወደ ዓብዲረዛቅ ግቢ ሄዱ። አቶ ሲሳይ መነጽራቸውን ወልውለው፣ እንደ ደብር ዞሯት። ሞተር የላትም፣ መብራት የላትም፣ ቁጥሯ የተመታበት ሰሌዳ ተነቅሏል፤ ቀለሟን እሳት በልቶታል። ዳበሷት፣ ተንበረከኩላት፣ በሆዳቸው ተኝተው በባትሪ ከሥሯ አዩ። ዓብዲረዛቅ ጥግ ይዞ እየቃመ ይስቅ ነበር። በመጨረሻ በሯን ያዙ። ማጠፊያው ከኋላ ነው። በሩ ሲጥ እያለ እንደ ቁም ሣጥን ወደ ኋላ ተከፈተ።

አቶ ሲሳይ ተነሡ፤ ጉልበታቸውን አራገፉ።

«ልጄ፣ የስልሳ ሁለት ብትሆን ኖሮ በሯ ወደ ፊት ነበር የሚከፈተው። ይቺ ከዚያ በፊት የተሠራች ናት። አይደለችም።»

የተለመደውን ቃል አለመጨመራቸውን ብርሃንነሽ እንደ ርኅራኄ ቆጠረችላቸው። ዓናብ መዳፏን በመኪናዋ ጣሪያ ላይ ትንሽ አቆየችና አነሣች። «ሐቁን ስለነገሩኝ አላህ ይስጥልኝ» አለች። ሐሙስ ዕለት ብረቱ ተጨፍልቆ ወደ በርበራ ሄደ።

በሚቀጥለው እሁድ ክቡርነታቸው ለእንግዶቻቸው ነገሩን ሲተርኩ ዋሉ። «‘የስልሳ ሁለት ናት’ ብላ መጣች። እኔ ግን በሩን ሳየው...»

ሐርጌሳ የሚኖር አበሻ ሁለት ዘመን ተሸክሞ ነው የሚኖረው፤ የቢሮውን በእነሱ፣ ጾሙን በእኛ ይቆጥራል። ብርሃንነሽ ወጥ እየጨለፈች፣ ነገሬ ሳትል፣ ዓመት በተጠራ ቁጥር ከአፏ የማይጠፋውን ጥያቄ ወረወረች።

«በእኛ ነው በእነሱ?»

አቶ ሲሳይ የያዙት ጉርሻ መንገድ ላይ ቀረ።

ዓናብ ዓመቱን የነገረቻቸው በአማርኛ ነበር። በእንግሊዝኛ ብትለው ኖሮ ሳያስቡት ስምንት ይቀንሱ ነበር፤ በየቀኑ ቢሮ የሚያደርጉት ነው። «ስልሳ ሁለት» የሚለውን እንዲያ ባለ የጠራ አማርኛ ሲሰሙት ግን ዘመኑም የአማርኛ መሰላቸው። የሐርጌሳው ጀማሉዲን መኪናውን በአበሻ ዘመን ሊቆጥር? የእነሱ ስልሳ ሁለት የእኛ ሃምሳ አራት ነው። በሃምሳ አራት ደግሞ የሴይቼንቶ በር ወደ ኋላ ነበር የሚከፈተው።

ለዓብዲረዛቅ ደወሉ። መርከቡ ተነሥቷል።

ብርሃንነሽ ያንን ጥያቄ በመጠየቋ ምላሷን ረገመች። እንግዶቹ ሲሄዱ «አትንገራት» አለቻቸው። «አይደለችም ብላ ልቧን አሳርፋለች። አሁን ብታውቅ ምን ይረባታል?»

«ለሰው ሁሉ ሳልጠየቅ ስለፈልፍ ኖሬ፣ የተጠየቅኩትን ልዋጠው?» አሉና ጫማቸውን ፈለጉ። ብርሃንነሽ ነጠላዋን አንሥታ ተከተለች።

ዓናብ በር ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። «በእጄ ነክቻት ነበር» አለች፣ ለራሷ ያህል። አቶ ሲሳይ ይቅርታ ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ እጇን አነሣች። «ለእኔ አይደለም። ይግቡና ለእናቴ ይንገሯት።»

እናትየዋ ምንጣፍ ላይ፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አቶ ሲሳይ ጫማቸውን አውልቀው ፊታቸው ተቀመጡ፤ የካልሲያቸው ቀዳዳ አውራ ጣታቸውን አሾልኮታል። ዓናብ እየተረጎመች ስሕተታቸውን አንድ ሳያስቀሩ ተናዘዙ። እናትየዋ ከትራሳቸው ቀና አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ምን ትመስል ነበር ነው የምትለው» አለች ዓናብ።

አቶ ሲሳይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በግራ ፓራፋንጎዋ ላይ፣ ከጎማው በላይ፣ በመዶሻ ተመትቶ የተስተካከለ ስርጉድ አለ።»

«ግመል ነው!» አሉ እናትየዋ። «የበርበራ መንገድ ላይ፣ ግመሉ ራሱ ነው የመታን!»

«በማጠፊያው ሥር እሳቱ ያልደረሰበት የጥፍር ያህል ቀለም ቀርቷል። ሰማያዊ፣ ፈዘዝ ያለ።»

እናትየዋ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የሾፌሩ ወንበር ሐዲድ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ እንደተገፋ ዝጎ ደርቋል። ይነዳት የነበረው ረጅም ሰው ነው።»

ዓናብ መተርጎሙን ተወችው። ወደ እናቷ ዞራ በሶማልኛ አንዲት አጭር ጥያቄ ጠየቀች። እናትየዋ እንደተቀመጡ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፣ እስከሚችሉት ድረስ፤ አልበቃቸው ሲል ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀሰሩ።

በዚያ ከተማ ያቺን ቅርፊት ያን ያህል ያየ ሌላ ዓይን አልነበረም። ብረት ነጋዴው ዓብዲረዛቅ ያየው ክብደቷን ነው። ብርሃንነሽ ይህን ስታስብ፣ የተናደደችበትም የምትሳሳለትም አንድ ሰው መሆኑ ገረማት።

«እንደገና ከፊት ጀምሮ ንገረኝ ትላለች» አለች ዓናብ፣ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች።

አቶ ሲሳይ ከፊት መከላከያዋ ጀመሩ። ንግግራቸው ሲረዝም ጎናቸውን መጎሸም የለመደችው ብርሃንነሽ ክርኗን ሰብስባ ተቀመጠች። ትረካው ቶሎ እንዳያልቅ፣ ምናለ ይቺ መኪና ትንሽ ተለቅ ያለች በነበረች ብላ ተመኘች።