አልጋዎቹ የተሰለፉ ዕለት

ማታ ሸለብ እንዳደረገኝ ያየሁት ሕልም ይህ ነው። ከከተማችን ሆስፒታል ግቢ ገባሁ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ በቃሬዛ ላይ ተኝታ ታቃስት ነበር። የምንፈልገው አንድ አልጋ ብቻ ነው። በሩ ላይ ግን የተሰለፈ በሽተኛ አልነበረም፤ የተሰለፉት አልጋዎቹ ነበሩ።

አንዳንዱ ቆሞ ቆሞ ደክሞት ያዛጋል። ፊት የቆመው፣ ቀለሙ የተላጠ የብረት አልጋ፣ ጥሩወርቅን ሲያይ ደስ ብሎት ሲጢጥ አለ።

«በእኔ ላይ ትተኛ! ከንጋት ጀምሬ ነው የቆምኩት!»

«ውሸቱን ነው፤ በዘመድ ነው የገባው!» አለ ከኋላው ያለው።

አልጋው ላይ ላወጣት ስል ዘበኛው ዱላቸውን ዘረጉ። ዘበኛው ፕሮፌሰር ነበሩ።

«ነርስ ሳትፈቅድ አልጋ አይነካም።»

«ነርስ ይጥሩልና!»

«ነርስ መሆን እንዲህ ቀላል መሰለህ? ያለችን አንዲት እጩ ናት፤ እሷም ምድር ቤት ናት።»

ወረድኩ። እጩዋ ጎረቤቴ ሲስተር አልጋነሽ ሆና አገኘኋት። በእውኑ ዓለም አልጋነሽ ነርስ ሆና ጀምራ፣ በማታ ተምራ፣ ዛሬ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ናት፤ ኮሌጅም ታስተምራለች። ከተሾመች ወዲህ በሰፈራችን ደም ግፊቱን የሚለካለት አጥቶ በግምት የሚኖር ብዙ ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ። በሕልሜ ግን በትልቁ የቆዳ ወንበር ላይ እንደተቀጣ ልጅ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር።

«ምነው ሲስተር?»

«ሲስተር አይበሉኝ ጋሽ ወንዴ። ገና ሥራ አስፈጻሚ ነኝ።»

«ታዲያ ሹመት አይደለም እንዴ?»

«የምን ሹመት! ከሚኒስትርነት ተነስቼ፣ ስንት ዓመት ለፍቼ እዚህ ደረስኩ። የዛሬውን ፈተና ካለፍኩ ነርስ ያደርጉኛል።»

«እለፊ እንጂ! ጥሩወርቅ ቃሬዛ ላይ ናት።»

ወደ ፈተናው አዳራሽ ስንገባ ጥሩወርቅ ከነቃሬዛዋ አጠገቤ ነበረች። አስተማሪዎቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይንቀጠቀጡ ነበር። ተማሪዎቹ መድረኩ ላይ ሆነው ይቆጧቸዋል። አንዲት ኮረዳ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አልጋነሽን አየቻት።

«ስብሰባ መምራት ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«ይቀነስባታል። ሪፖርትስ?»

«እሱንም...»

«ይቀነስባታል! በይ አሁን የዚችን ሴትዮ የደም ሥር አግኚ።»

የጥሩወርቅን ክንድ ሰጠኋት። አልጋነሽ ያዘችው፤ አገላበጠችው፤ ከዚያ ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ ፈረመችበት።

«ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«ይቅርታ ጋሽ ወንዴ፣ እጄ ለምዶብኝ ነው» አለች። መዳፏን እንደ ሰው ዕቃ ታየው ጀመር።

ተማሪዎቹ ሳቁ። «ወድቃለች! ሚኒስትር ትሁን!» ብለው ፈረዱባት። አስተማሪዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡላት፤ አንዱ መሐረብ አቀበላት።

ውጭ ስወጣ አልጋዎቹ መጠበቅ ሰልችቷቸው በሩን አልፈው ይሄዱ ነበር። ሮጬ የብረቱን አልጋ እግር ያዝኩ።

«አትሂድ፣ በናትህ!»

«ስምህ ማን ነው?»

«ወንድአፍራሽ።»

«ፍራሽማ አለኝ። የቸገረኝ በሽተኛ ነው።»

«በሽተኛዋ ይኸው!»

«ነርሷስ?» አለና እግሩን ከእጄ አላቀቀ። ጥሩወርቅን በጀርባዬ አዝዬ ተከተልኩት። እሱ ሲራመድ እኔ ስሮጥ አልደርስበትም። በዚህ መሃል ትከሻዬን አንድ ሰው ይነቀንቀኝ ጀመር።

«ጋሽ ወንዴ፣ ጋሽ ወንዴ፣ ይነሱ! አልጋ ተገኝቷል።»

ነቃሁ። ያደርኩበት የሆስፒታሉ ኮሪደር ነው፤ ጥሩወርቅም እንዳመጣኋት ከግድግዳው ሥር ቃሬዛዋ ላይ ናት። የቀሰቀሰችኝ የእውኗ አልጋነሽ ነበረች። ዓይኗ ደም መስሏል። ተማሪዎቿ ከኋላዋ ቆመው ያዛጋሉ። እሷ ጎንበስ ብላ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዘች።

«እሰይ! የት ተገኘ?» አልኳት።

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጮኸ፤ አላነሳችውም። ከወዲያኛው ክፍል አንዲት ሴት «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ስትጮህ ተሰማ። አልጋነሽ መሬት መሬት አየች።

ጥሩወርቅ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «አንሶላውን ቀይራችሁታል?» አለች።