ለጭልፊት የተለመነ ጸጥታ

ተፈጥሮን እንደ ከተማ ሰው የሚያከብራት የለም። እኛ አብረናት ስለምንኖር ትንሽ እንንቃታለን፤ እባቧን እንመታለን፣ ዝንጀሮዋን ከበቆሎ እናባርራለን። የከተማው ሰው ግን ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው እየተጠነቀቀ ይሰግድላታል። ለስግደቱም ጸጥታ ይፈልጋል።

ቴፒ አክስቴ ማርታ ቤት ያረፈው የባሏ ወንድም ልጅ እንዲህ ያለ አማኝ ነበር። ክንድ የሚያህል ሌንስ ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣው ጭልፊትን ከነግዳዩ በተፈጥሮ ብርሃን ሊያነሳ ነው። "እኔ ፍላሽ አልጠቀምም፤ በተፈጥሮ ሥራ ጣልቃ አልገባም" አለን። ይህን ብሎ ጥላ ያጠላበትን የሙዝ ቅጠል አስቆረጠ፤ የቡና ማድረቂያውን አልጋ አስነሳ፤ ጫጩቶቹም ከቅርጫት ወጥተው ፀሐይ ላይ እንዲለቀቁ ጠየቀ።

የፈንግል በሽታ ዶሮዎቿን ፈጅቶባት ለአክስቴ የቀሯት አንዲት እናት ዶሮና ስድስት ጫጩቶች ብቻ ናቸው። እናንተ ብትሆኑ እምቢ ትሉ ነበር? አትሉም። እንግዳ ነዋ!

እኛ ሰፈር ጭልፊት ሲታይ መጀመሪያ ያየ ይጮሃል፤ ጎረቤት ይቀበለዋል፤ ጩኸቱ ከአጥር አጥር እየዘለለ ወፉን እስከ ጫካው ይሸኘዋል። እንግዳችን ይህን ሲሰማ ደነገጠ።

"እትዬ፣ ዛሬን ብቻ ዝም በሉልኝ።"

አክስቴም በየደጁ ዞራ፣ "እንግዳ አለብኝ፤ ጭልፊት ብታዩ እንዳትጮሁ አደራ" ብላ ለመነች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ጭልፊት ግን ግቢ ይገባል።

ገባም። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው በጨዋ ደንብ ዝም አሉ። ወፉ አንዷን ጫጩት ይዞ አጥሩ ላይ አረፈና ካሜራው ተንጣጣ። እንግዳችን ግን ሽቅብ አይቶ ተበሳጨ። ደመና ፀሐይዋን ሸፍኗት ነበር።

"ግድ የለም፣ ደግሞ ይመጣል።"

"ደግሞ?" አለች አክስቴ።

ፀሐይዋ ወጣች፤ ጭልፊቱም ተመለሰ።

"ማርታ፣ እንጩህ ወይስ ገና ነው?" አለች ጎረቤታችን በሹክሹክታ።

አክስቴ እንግዳውን አየች፤ ዶሮዋን አየች። ከዚያ ጮኸች። ከጠዋት ጀምሮ ጩኸቱን አምቆ የዋለው ሰፈር ሁሉ ተከተላት። ጭልፊቱ ባዶ ጥፍሩን ይዞ ጫካው ገባ።

"ምነው እትዬ! ተፈጥሮን ለራሷ መተው ነበር እኮ!"

"ልጄ፣ ጭልፊቱን ጌታ ፈጠረው፤ ጫጩቷንም ፈጠራት። እኛን ታዲያ ማን የፈጠረን መሰለህ?"

እንግዳችን ሌንሱን በጨርቅ ወለወለ፣ ከደነ፣ እጁን ታጥቦ ለምሳ ቀረበ። ጎመንና ጎደሬውን ትንሽ አየት አደረገና፣

"እትዬ፣ እዚህ አገር ለእንግዳ ዶሮ አይታረድም እንዴ?" አለ።