የጋሼ ተካ ትራክ ምርቃት

ሥራ ሲጠፋ የእኛ ሰው ምን ያደርጋል? ኩባንያ ይከፍታል! በነዳጅ በምትኖረው የካናዳዋ ካልጋሪ የነዳጅ ዋጋ ወርዶ ሁሉም ሌይኦፍ ተብሎ ከሥራ ሲቀነስ፣ ጋሼ ተካ ትራክ ገዙ። ባለቤቱም ሾፌሩም እሳቸው፤ የጠፋው ጭነት ብቻ።

አዲስ ኩባንያ ሾፌሩን አልኮል ቴስት ማስደረግ አለበትና፣ አንድ ፈረንጅ መርማሪ ትራኩ እስከቆመበት ፉትሂልስ ሰፈር ድረስ መጣ፤ ለዚያውም ትራኩን በጠጅ በምንመርቅበት ቀን! እኛ ክው አልን። ጋሼ ግን እንግዳ ሲያስተናግዱ አንድ ጠብታ አልቀመሱም። ማሽኑን ነፉ፤ ዜሮ አለ።

እንግዳ ታዲያ በደረቁ ይሸኛል እንዴ?

«በሞቴ!» አሉት ብርሌ ይዘው።

«ካልጠጣህ ይሞታሉ ማለት ነው» ብዬ ተረጎምኩለት።

ሰውዬው ነፍስ ለማዳን ጠጣ፤ ደጋግሞ አዳናቸው። እስክስታ ሲጀምር የመኪናውን ቁልፍ ቀማነው፤ ጋሼም ትራኩ ላይ አሳፍረው ቤልትላይን ሰፈር፣ ቤቱ ድረስ ወሰዱት።

እነሆ የኩባንያው የመጀመሪያ ጭነት፦ መርማሪው ራሱ!